አንድ ህልም ብቻ ያየች ሴት

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ህልም አየች፤ ህልሙን የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ያኔ ከእኛ ሰፈር አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፈተናውን አልፌ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመረጥኩ። ማሠልጠኛው ከጣርማ በር ወዲያ፣ አውቶብስ መንገድ ላይ አድሮ የሚገባበት ሩቅ አገር ነበር። ሣጥኔን አሰናድቼ እናቴን ልሰናበት አንኮበር ተመለስኩ።

ልሄድ በተነሳሁበት ጧት እናቴ ከመደብ ሳትወርድ ጠራችኝና ህልም ማየቷን ነገረችኝ። ነጭ ነጠላ ለብሼ ቁልቁለቱን ስወርድ ጉም መጥቶ ዋጠኝ። ጉሙ ሲገለጥ ነጠላው ብቻውን ሽቅብ እየወጣ ተመለሰ፤ ውስጡ ሰው አልነበረም። እህል ሳይቀመስ ህልሙ እንዲፈታ አጎቷ ተጠሩ። አጎቷ መሪጌታ ነበሩ፤ የሰፈሩን ህልም የሚፈቱት እሳቸው ናቸው። ጥቂት አሰብ አደረጉና «ልጅቱ ከሄደች ልብሷ ይመጣል እንጂ እሷ አትመጣም» አሉ። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። ፈቺው ከተናገረ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ቀረሁ። በማግስቱ ሣጥኑ ተፈትቶ እኔ እንስራ አዝዬ ምንጭ ወረድኩ። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ወንድሞቼ በየፊናቸው ተበትነዋል፤ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ምንጩ ከቤታችን በታች ገደሉ ሥር ነው። ሲወርዱ ጉልበት ይፈትናል፤ ሲወጡ ትንፋሽ ያሳጥራል። እናቴ ወገቧን ያማት ነበር። ባል አግብቼ ደብረ ብርሃን እስክገባ ድረስ ያን ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። እኔም አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ግን አንድም ቀን ጠመኔ ይዤ አልቆምኩም።

ስለዚያ ህልም እናቴን ጠይቄያት አላውቅም። እናት አትጠየቅም። ደግሞም በእሷ የሕይወት ዘመን ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ህልሙን እንደ በሽታ ወይም እንደ በረዶ ነበር የተቀበልኩት። ጥርጣሬው የመጣው በአርባዋ ተዝካር ነው። ድንኳኑ ጓሮ ተቀምጠን ሽንኩርት ስንልጥ አንዲት የአባቴ ዘመድ ስለ እሷ ጨዋታ ጀመረች።

«ነፍሷን ይማርና፣ ህልም የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ሰው ህልሙን ሲነግራት ‹ማታ ምን በልተህ ነው?› ነበር የምትለው።»

«አንድ ጊዜማ አይታለች!» አለች ከጎኗ የነበረችው። «የዚችን የልጇን።»

«እሷንማ አየች። ውሃ የሚቀዳላት እንዳይሄድባት አየች!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ተዝካር ቤት ኩርፊያ አያምርም። ዘመዴ ፊቴን አየት አድርጋ «ጨዋታ ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ሽንኩርቱ ለዓይኔ ምክንያት ሆነልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮኝ አረጀ። እናቴ ያን ህልም አይታዋለች ወይስ አላየችውም? አይታው ከሆነ ማንንም አልወቅስም፤ ዕድሌ ነው። ሳታየው አይቻለሁ ብላኝ ከሆነ ግን ዕድሜዬን በአንድ እንስራ ውሃ ለውጣዋለች። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ሞታለች። መሪጌታውም ቀድመዋት አልፈዋል።

ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራያለሁ። የአሁኗ ተከራዬ ነርስ ናት፤ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ፣ ሥራ የማይከብዳት ሴት። የገባች ሰሞን በእንቅልፏ እየጮኸች ታስደነግጠኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ጩኸቱን ተወች። አንድ ቅዳሜ ቧንቧው ሥር ልብስ ስታጥብ ጠየቅኋት።

«ጩኸትሽ ቀረ። ጠበል ገባሽ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ህልሜን ገራሁት።»

«ህልም ወይፈን ነው የሚገራው?»

«ከወይፈን ይቀላል። ህልም ውስጥ ሆነው ‹ይህ ህልም ነው› ብለው ካወቁ በቃ፣ የሚያሳድድዎትን ዞረው ‹ቁም!› ይሉታል። ይቆማል።»

«ካልቆመስ?»

«ይነቃሉ። ምን ይጎድልብዎታል?»

ነገሩን የተማረችው ከስልኳ ነው። ብዙ ሰው እየተለማመደ የሚያውቀው ነገር ነው አለችኝ። ህልም መሆኑን ያወቀ ሰው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ይበራል፤ የፈለገውን ሰው ያነጋግራል። እሷ አባቷን አግኝታ ሻይ ጋብዛዋለች።

«አባትሽ አርፈው የለም እንዴ?»

«አርፏል። ሻዩን ግን ጠጥቷል፤ ስኳር አነሰው ብሎም ተቆጥቷል» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ቤቴ ገብቼ ምስር ለቀማ ተቀመጥኩ። ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ ነገሩን ልማረው ቆርጬ ነበር።

መጀመሪያ ግን የንስሐ አባቴን ማማከር ነበረብኝ። ቤት ሲመጡ አጫወትኋቸው።

«ሙት ልትጠሪ ነው?» አሉኝ ኮስተር ብለው።

«አይደለም አባ። የምገባው እዚሁ የራሴ ጭንቅላት ውስጥ ነው።»

«ከራስሽ ሌላ ማንም የለበትም?»

«ማንም የለበትም።»

«እንዲያ ከሆነ ኃጢአት የለበትም» አሉ። መስቀል አሳልመውኝ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና «ጥቅምም የለበትም» አሉኝ። የመጀመሪያውን ያዝኩ፤ ሁለተኛውን ተውኩት።

ትምህርቱ የሚጀምረው በቀን ነው። ቀን በእውን ደጋግሞ «ህልም ነው ወይስ እውን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ልማድ ይሆንበትና በህልሙም ይጠይቃል። ጥያቄው መፈተኛ አለው። መዳፍን ማየት አንዱ ነው፤ በህልም ጣት ይበዛል ወይ ይጣመማል። ጽሑፍ አንብቦ ዞር ብሎ ደግሞ ማንበብ ሌላው ነው፤ በህልም ጽሑፍ ባለበት አይገኝም። ሦስተኛው አፍንጫን ይዞ ለመተንፈስ መሞከር ነው፤ በህልም አፍንጫ ተይዞም አየር ይገባል።

ተከራዬ የራሴን ምልክት እንድመርጥ ነገረችኝ፤ ምልክቱ በመጣ ቁጥር መዳፌን እንዳይ። ጉምን መረጥኩ። እዚህ አገር ጉም አይታጣም፤ ጧት ከአንኮበር በኩል እየተንከባለለ ይመጣል። ጉም ባየሁ ቁጥር መዳፌን ከነጠላዬ አውጥቼ አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንዲህ ስሆን ጎረቤቴ አይታኝ «እጅሽን ያምሻል እንዴ? ቅባት አለኝ» አለችኝ። ቅባቱን ተቀበልኩ፤ ምን እላታለሁ?

በአፍንጫው መፈተኛ ግን ተዋረድኩ። ለበዓል በግ ልንገዛ ከተከራዬ ጋር ገበያ ወጣን። ብርዱና ጫጫታው ተደባልቆ ነገሩ ሁሉ ህልም መሰለኝና፣ ከአንድ ነጋዴ ፊት ቆሜ አፍንጫዬን ያዝኩ። ሰውየው ዓይኑን አፈጠጠ።

«ምነው እማማ? በጌ ሸተተዎት?»

«አይ ልጄ፣ አንድ ነገር እያጣራሁ ነው።»

«በአፍንጫ? በግ በወገቡና በላቱ ነው የሚጣራው!»

«ተዋቸው፣ የመዘዞን ድልብ በግ ለምደው ነው» አለ ጎኑ ያለው።

ተከራዬ ልታድነኝ ብላ «ህልም አለመሆኑን እያረጋገጡ ነው» አለች። ይባስ አለ።

«ህልምስ አይደለም» አለ ሁለተኛው፤ «ህልም ቢሆን በጉ ይሰባ ነበር።»

ሳቁ እስከ ገበያው ዳር ተከተለን። በጉን ከሌላ ሰው ገዛን።

የቀረው ትምህርት ህልምን ማስታወስ ነው። ሲነቁ መነቃነቅ የለም፤ ዓይን ሳይገለጥ፣ ጎን ሳይዞር፣ የህልሙን ጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ተከራዬ ይጻፉት ብትለኝም እኔ ህልም ሲነገር እንጂ ሲጻፍ አላውቅም። ጧት እህል ሳልቀምስ እነግራታለሁ። እሷም እንደ ደንቡ «ለመልካም ያድርገው» ትለኛለች። ብዙዎቹ ህልሞቼ የሚነገሩ አልነበሩም። ቁልፍ ይጠፋብኛል። የባሌን መቀስ እፈልጋለሁ። መዝገብ ቤት የማይገኝ ፋይል እየፈለግሁ ቀኑ ይመሽብኛል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ቢሮ በእንቅልፌም እንደገና በነጻ ሠራሁለት።

ቢሆንም አላቋረጥኩም። ሰባን ያለፈች ሴት ጧት ጧት መዳፏን እያየች መኖሯ ያስቃል፤ አውቃለሁ። ግን ማንም ህልም አይቶ ያላስቀረኝ ትምህርት ቤት ይህ ብቻ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ገደማ አንድ ጧት ተሳካ። አንኮበር የእናቴ ቤት ደጅ ቆሜያለሁ። ከገደሉ ሥር ጉም ወጣ። እጄ ራሱ ከነጠላዬ ወጥቶ ፊቴ መጣ፤ አየሁት፤ ጣቶቼ በዝተዋል። «ይህ ህልም ነው» አልኩ። ወዲያው ሁሉም ነገር ጠራ፤ የአጥሩ እንጨት፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ የጉሙ እርጥበት። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በሠርጌ ጊዜ የነበራት ዕድሜ ላይ ናት፤ እኔ እበልጣታለሁ።

ጥያቄዬ አፌ ላይ ነበር። ግን እናቴ ናት፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የማያት። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ።

«እንዴት ከረምሽ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እምዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ባልሽስ? ልጆቹስ? አክስትሽስ?»

ስለ እያንዳንዱ እመልስላታለሁ፤ እኔም ስለ ጎረቤቶቹ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ወገቧ እጠይቃታለሁ። በእኛ አገር ሰላምታን አቋርጦ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው ለእሳት ወይም ለሞት የተላከ ነው። «ዝናቡስ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ዘንድሮ ቀደም ብሏል» ልላት አፌን ስከፍት የመኝታ ቤቴን ጣራ አየሁ።

ተከራዬ ይህን ስነግራት የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ሳቀች።

«ጊዜው አጭር ነው እኮ እማማ! ሰላምታውን ይዝለሉት!»

«እናቴን?»

«ህልም እኮ ናቸው!»

«ህልምም ብትሆን እናቴ ናት። እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ዘልዬ አልገባባትም።»

እንዲህ አልኳት እንጂ ተናድጄ ነበር። እናቴ በሕይወቷ ሳትጠየቅ እንዳለፈች ሁሉ በህልሜም ሳትጠየቅ አመለጠች። ያስመለጥኳት ደግሞ ራሴ ነኝ፤ እሷ ባስተማረችኝ ጨዋነት።

ክረምቱ ገባ። ጉም በየቀኑ ነው፤ መዳፌን እያየሁ ሰለቸኝ። እናቴ አልመጣችም። ተከራዬ ሌላ ዘዴ አለ አለችኝ፤ ወደ ንጋት ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ መልሶ መተኛት። እኔ መቼም ለጸሎት እነሳለሁ። ጸሎቴን አድርሼ ተመልሼ ጋቢዬ ውስጥ እየገባሁ «ሳያት ህልም መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰላምታ አልሰጥም» እያልኩ መተኛት ጀመርኩ። እናቷን ሰላም ላለማለት የምትለማመድ ሴት ሆንኩ።

ከመስቀል በኋላ ነው የመጣችው። በዚያ ህልም ውጪ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነበርን። ግድግዳው ልጅ ሳለሁ እንደነበረው አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ያኔ ማንበብን የተለማመድኩት በእሱ ነው። አንድ መስመር አነበብኩ፤ ዞር ብዬ ደግሜ ሳየው ሌላ ሆኗል። አወቅሁ። እናቴ ምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። አልጎነበስኩም፤ ጉልበቷን አልሳምኩም።

«እምዬ፣ ያን ህልም አይተሽው ነበር ወይስ አላየሽውም?»

ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ጠበቅኩ፤ አልነበረም። መገረምም አልነበረም። መልሴን የሚጠብቅ ተማሪ ይመስል ዓይን ዓይኔን ታያለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ። ከንፈሯ ከመንቀሳቀሱ በፊት የምትለውን አውቄዋለሁ።

«አየሁ» እንድትል አሰብኩ። «አየሁ» አለች።

ደነገጥኩ። «አላየሁም» እንድትል አሰብኩ። «አላየሁም» አለች፤ በዚያው ፊት፣ በዚያው ድምፅ። «ውሃ የሚቀዳልኝ እንዳይሄድብኝ ነው» እንድትል አሰብኩ፤ አለች። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» እንድትል አሰብኩ፤ እሱንም አለች።

እናቴ በዕድሜዋ ለማንም ታዝዛ አታውቅም። አባቴ እንኳ በሕይወት ሳለ ሁለት ጊዜ ነበር የሚለምናት። ያዘዝኳትን ሁሉ የምትል ሴት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሳይ፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አለመኖሩ ገባኝ። ያን ይቅርታ ብዙ ዘመን ነበር የጠበቅኩት፤ በራሴ አፍ ተናግሬ በራሴ ጆሮ ሰማሁት። ለመንቃት ምንም ማድረግ አላስፈለገኝም።

ተከራዬ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር አገኘኋት። በህልሙ እናቴን ማግኘቴን ነገርኳት።

«ለመልካም ያድርገው! ጠየቋቸው?»

«ጠየቅኋት።»

«እና ምን አሉ?»

«ሁለቱንም።»

«እንዴት ሁለቱንም?»

«ያልኳትን ሁሉ አለች።»

የጫማዋን ክር ቋጠረች። «ህልም እኮ እንዲያ ነው እማማ። ሰዎቹ የራሳችን ናቸው። ነግሬዎት ነበር።»

«አንቺ አልነገርሽኝም» አልኳት። «የነገሩኝ አባ ናቸው።»

እሷን አልወቅሳትም። ያወቀችውን አሳወቀችኝ፤ ለእሷም ሠርቶላታል። አባቷ ስኳር አነሰኝ ሲል የፈለገችው መሳቅ ነበር፤ ሳቀች። እኔ የፈለግሁት እውነት ነበር። ለእውነት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛዋ ሰው አንኮበር አፈር ውስጥ ናት።

ልምምዱን ተውኩት። ጉም ሲመጣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አደርጋለሁ። ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለቅም፤ አንዳንዴ መዳፌ ሳላዘው ብቅ ይላል።

በቅርቡ ደግሞ አየኋት። ህልም መሆኑን አላወቅሁም፤ ያወቅሁት ከነቃሁ በኋላ ነው። አንኮበር ደጃችን ላይ ቆሜያለሁ። እሷ ወገቧን ይዛ ከቤት ወጣች። ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሳ አየሁና እጄን ገልጬ ወደ ዓይኔ አመጣሁት።

«እጅሽን ምን ታይዋለሽ?» አለችኝ ተቆጥታ። ድምፁ የራሷ ነበር። «ሥራ ፈት! ይልቅ ውሃው አልቋል።»

እንስራውን አዝዬ ወረድኩ።